ከጋሽ ኢድሪስ በኋላ መቁጠር

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011፣ ቅጠል መርገፍ በሚጀምርበት ወቅት፣ ሄር ላንግ (ሄር አቶ ማለት ነው) የሚባሉ ጀርመናዊ አዛውንት አሮጌ አሜሪካዊ መኪናቸውን በጎታች አስጭነው ፍራንክፈርት ወዳለው ጋራዣችን መጡ። መኪናዋ ሁለት በር ያላት፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ቀለሟ ጥቁር ሰማያዊ ነበረች። ሞተሯ ይነሣል፤ ግን አትንቀሳቀስም። ካምቢዮዋ፣ ማርሾቹ የሚኖሩበት ሳጥን፣ ውስጡ ተሰባብሮ ነበር።

እኔ ያን ጊዜ የካምቢዮ ጠረጴዛ ላይ እሠራ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በመጨረሻው የሥራ ቀኔ አለቃችን አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ቀይ የጥፍር ቀለም በስጦታ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ጠርሙሷ መደርደሪያዬ ላይ ከመጽሐፍ ቅዱሴ አጠገብ ተቀምጣለች። ከጉባኤያችን የሚመጡ እህቶች ያይዋታል፤ ከዚያ ጥፍሬን ያያሉ። አንዷ ብቻ ባለፈው፣ «እህት ወርቅነሽ፣ ይቺ የልጅሽ ናት?» አለችኝ።

«የእኔ ናት። የሥራ ዕቃዬ ናት» አልኳት።

ግራ ገብቷት ሄደች። ብዙ ማውራት አልችልበትም። መጻፍ ይሻለኛል ብዬ ነው።

ፍራንክፈርት ስመጣ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ቬስትኤንድ ሰፈር ውስጥ ቢሮ ማጽዳት ነበር። ቀጥሎ ባንሆፍስፊርቴል በሚባለው የባቡር ጣቢያ ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጠፍኩ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልጄን ሊድያን ብቻዬን ነበር የማሳድጋት፤ እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት የሚያደርሰኝ ሥራ እንዲሰጠኝ ጌታን ለመንኩት። በ2005 አንድ ጋራዥ የቀን ጽዳት ሠራተኛ ይፈልጋል ሲሉኝ ሄድኩ። ደመወዙ ከሆቴሉ ብዙም አይበልጥም። ሰዓቱ ግን የለመንኩት ሰዓት ነበር፤ ስለዚህ አመስግኜ ገባሁ።

ጋራዡ በከተማው ምሥራቅ ጠርዝ ነው። የሚሠራው አሮጌ የአሜሪካ መኪኖችን ብቻ ነበር። የአሜሪካ ወታደሮች እዚህ በነበሩበት ዘመን መኪናቸውን ይዘው ይመጡ ነበር፤ ሲሄዱም ብዙዎቹን እዚሁ ሸጠው ሄዱ። የገዟቸው ወጣቶች አሁን አርጅተዋል፤ መኪኖቹም አብረዋቸው አርጅተዋል። አለቃችን ሄር ፎግል ድምፁ ትልቅ፣ ልቡ የዋህ ሰው ነው። ካምቢዮ የሚሠሩት ግን ጋሽ ኢድሪስ ነበሩ።

ጋሽ ኢድሪስ የአስመራ ሰው ናቸው፤ ሙስሊም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ንጹሕ ሸሚዝ ከቱታው ሥር የሚለብሱ። ትምህርታቸውን የተማሩት በአማርኛ ነው፤ ሙያውን ደግሞ ከጣልያኖች። ሄር ፎግል ዕቃዎቹን በጀርመንኛ ሲጠራ፣ እኔና እሳቸው ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ እያልን፣ ጣልያን ትቶልን በሄደው ቃል እንግባባ ነበር።

የጽዳት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር የተፈታ ካምቢዮ እንዳጥብ ሰጡኝ። አጠብኩት፤ ማርሾቹንም ከሣጥኑ ባወጣኋቸው ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደረደርኳቸው። ጋሽ ኢድሪስ መጡና ቆመው አዩ።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። መልሰው ሲያስገቡ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።»

«ወርቄ፣ መጥረጊያውን አስቀምጪ» አሉ። በሳምንቱ ሄር ፎግልን አነጋግረው ከጠረጴዛቸው በስተግራ ቦታ ሰጡኝ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ዐሥር ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀር ጡረታ ወጣሁ።

አንዳንድ ልማዶቻቸውን ልጻፍ፤ ከእሳቸው ሌላ ማንም ሲያደርጋቸው አላየሁምና። ካምቢዮ ከመክፈታቸው በፊት «ቢስሚላህ» ይላሉ፤ ከዚያ እኔ በልቤ ጸልዬ «አሜን» እስክል እጃቸውን አያነሡም። አንድ ቀን ረስቼ ዝም ስል፣ «ምነው፣ የእናንተ ሰው ዛሬ ዕረፍት ላይ ነው እንዴ?» አሉኝ። ክፍት ካምቢዮ አጠገብ ሻይ አይጠጡም። ኩሽኔታ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቀለበት፣ መልካም መሆኑን ለማወቅ የካቻቢቴን እጀታ ጆሯቸው ላይ፣ ጫፉን ሣጥኑ ላይ አድርገው ዘንጉን በእጃቸው ያዞሩና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አንዳንዴ ለእኔም ይሰጡኛል፤ «ምን ይላል?» ይሉኛል። መጀመሪያ ምንም አይለኝም ነበር። በሦስተኛው ዓመት መናገር ጀመረ።

ጥርስ ሲቆጥሩ ደግሞ ቀይ የጥፍር ቀለም ይጠቀማሉ። ሁለት ካምቢዮ ከውጭ ሲያዩት መንትያ ሊመስል ይችላል፤ ልዩነቱ ውስጥ ባሉት ማርሾች ጥርስ ቁጥር ነው። ጠመኔ ዘይት ላይ አይይዝም። የጥፍር ቀለም ግን ይይዛል። አንዱ ጥርስ ላይ ቀይ ጠብታ ያደርጋሉ፤ ዘንጉን በእጅ እያዞሩ በጣት ጫፍ እየነኩ በአማርኛ ይቆጥራሉ፤ ቀዩ ተመልሶ ሲመጣ ያቆማሉ። እኔ ቁጥሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ቀለሙ ሲያልቅ የምገዛው እኔ ነበርኩ። ሊድያ መጀመሪያ ቦርሳዬ ውስጥ ስታገኘው ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ በጀርመንኛ፣ «ማማ፣ ለማን ልትዋቢ ነው?» አለችኝ። «ለካምቢዮ» አልኳት።

ወደ ሄር ላንግ ልመለስ።

ሄር ፎግል አዲስ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ እንዲያስገቡ መከራቸው። በፈጣኑ መንገድ፣ በአውቶባህን ላይ፣ ሞተሩ አይጮህም፣ ነዳጅም ይቆጥባል አላቸው። ሄር ላንግ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ሰሙት።

«አዲሱን ለማስገባት ወለሉ ይቆረጣል?»

«ትንሽ።»

«ታርጋዬስ?» አሉ። እንደ ጥንቱ ለተጠበቀ አሮጌ መኪና እዚህ አገር ልዩ ታርጋ ይሰጣል፤ ብዙ ከተለወጠ ያጠያይቃል።

«ሊያነጋግር ይችላል» አለ ሄር ፎግል።

«እንደ ነበረው ይሁን። አራት ማርሽ» አሉ ሄር ላንግ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ምክንያቱን ነገሩን። ከሚስታቸው ጋር የተጋቡት ከከተማው ወጣ ብሎ ታውኑስ ተራራ ላይ ባለች መንደር ነው። በየዓመቱ በጋብቻቸው ቀን በዚያች መኪና ይወጣሉ። ሚስታቸው እጇን ማርሹን በያዘው በእሳቸው እጅ ላይ ታሳርፋለች፤ ማርሽ ሲለውጡ አብራ ትለውጣለች። አሁን እግሯ እምቢ ብሏታል። በወሩ መጨረሻ መጦሪያ ቤት ትገባለች። የጋብቻቸው ቀን ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«እጇ የት እንደሚያርፍ ታውቃለች። ቦታውን አትቀይሩባት» አሉ።

ጋሽ ኢድሪስ የተሰበረውን ካምቢዮ ከፍተው ከሞተሩ ኃይል የሚቀበለውን ማርሽ ቆጠሩ። ሃያ አራት ጥርስ። ያ ዓይነቱ አንደኛ ማርሹ ጉልበተኛ ነው፤ ዳገት ላይ መኪናውን በቀስታ ያነሣዋል። ሃያ ስድስት ጥርስ ያለው ሌላ ዓይነትም አለ፤ እሱ ለፍጥነት የተሠራ ነው፤ ዳገት ላይ ለመነሣት ግማሽ ፍሪሲዮን ይዞ ሞተሩን ማስጮኽ ግድ ይላል። ከውጭ አይለዩም። ለሄር ላንግ የሚሆነው ሃያ አራቱ ነበር።

ዕቃ ሻጩ ሁለት ያገለገሉ ካምቢዮዎች ላከልን፤ አንዱን መርጠን ሌላውን እንድንመልስ። አንደኛው ዝጎ ከጉድጓድ የወጣ ይመስል ነበር፤ ውስጡ ያሉት የነሐስ ቀለበቶችም አልቀዋል። ሌላው ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል፤ ያብለጨልጫል።

ጋሽ ኢድሪስ መጀመሪያ የዛገውን ቆጠሩ። ሃያ አራት። ቀጥሎ የሚያምረውን ከፈቱ፤ ቀዩን ጠብታ አደረጉ፤ መቁጠር ጀመሩ። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት። አቆሙ። ጣታቸው ያለበት ጥርስ አጠገብ ያለው ጥርስ የደረቀ ዘይት ቡናማ ጠባሳ ነበረው። ቀይ አልነበረም። ቀዩ ከዚያ በታች ገና ሁለት ጥርስ ይቀረው ነበር።

«ሃያ አራት» አሉና እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

ደብተሩ እጄ ላይ ነበር። ሃያ አራት ብዬ ጻፍኩ።

ለምን እንደጻፍኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው የቆጠረውን ታናሽ ደግሞ አይቆጥርም። ከጣታቸው በኋላ ጣቴን ማስቀመጥ በአደባባይ ባርኔጣቸውን እንደ መጣል ሆነብኝ። ሌላም ነገር ነበር። ከሳምንት በፊት ሄር ፎግል ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ «የኢድሪስ ዓይን ደህና ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጡረታቸው አንድ ዓመት ቀርቶታል። «ደህና ነው» ብዬዋለሁ።

ሄር ፎግል መጣ። «የትኛው ይሁን?»

«ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ንጹሑን እንውሰድ» አሉ ጋሽ ኢድሪስ።

ሄር ፎግል ወደ እኔ ዞረ። «ወርቅነሽ፣ አንቺስ?»

«እሳቸው ቆጥረዋል» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። የከበደኝም ለዚሁ ነው።

ካምቢዮው ገባ። ሄር ፎግል ሜዳው ላይ ሞከረው፤ እግሩ ጠንካራ ነው፣ መንገዱም ሜዳ ነው፤ ምንም አልተሰማው። ሄር ላንግ ከጋብቻቸው ቀን ሁለት ቀን ቀደም ብለው መጥተው ወሰዷት። ሲወጡ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ሰላም አሉን። እኔ ያን ሳምንት በየማለዳው የምጸልየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዓይኔ ተሳስቶ እንዲሆን።

በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ መኪናዋ እንደገና በጎታች ተጭና መጣች። ከመውረዷ በፊት የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ ሽታዋ ደረሰን። ሄር ላንግ ከጎታቹ መኪና ቀስ ብለው ወረዱ።

ሄር ፎግል፣ «ምን ሆነ?» አላቸው።

«የተሰበረ ነገር የለም። እኔ ነኝ» አሉ። መንደሯ ልትደርስ ትንሽ ሲቀር ዳገቱ ላይ ከፊታቸው ትራክተር ቆሞ ነበር። ሲሄድ ሊነሡ ሞከሩ፤ ሞተሩ ጠፋ። እንደገና ሞከሩ፤ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ስድስት ሰባት ጊዜ ሞከሩ። ከዚያ ጭስ ወጣ። ሚስታቸውን በካፖርታቸው ጠቅልለው ከመንገዱ ዳር ጎታች ጠበቁ። የመንደሯ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ከተቀመጡበት ይታይ ነበር።

«ሚስቴ፣ ‹ረሳኸው እንዴ?› አለችኝ» አሉ። «ተቆጥታ አይደለም። አዝናልኝ ነው። እግሬ አርጅቷል፣ ሄር ፎግል። ገዢ ፈልጉልኝ።»

ሲሄዱ ሄር ፎግል ራሱን ነቀነቀ። «እግር ነው፤ ምን ይደረጋል» አለ። ጋሽ ኢድሪስም መኪናዋን ዞር ብለው አይተው፣ «ሁላችንም እዚያው ነን» አሉ። እኔ ብረት ሳጥብ ዋልኩ።

ቤት ስገባ ለሊድያ ነገርኳት። ያኔ ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ሁሉ ነገር ቀጥ ያለ ይመስላት ነበር። በጀርመንኛ፣ «ታዲያ ንገሪያቸዋ» አለችኝ። ለአንቺ ይቀላል ብዬ ልመልስላት ነበር። ከዚያ ግን ሄር ላንግን አሰብኩ፤ ከእንግዲህ መንዳት አልችልም ብለው አልጋቸው ላይ የሚጋደሙትን። አንድ አረጋዊ እንዳላሳፍር ብዬ ሌላ አረጋዊ አሳፍሬአለሁ። ጌታ እንዲረዳኝ ለመንኩት እንጂ ሌላ ብልሃት አልነበረኝም።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ጋሽ ኢድሪስ ከስግደት ተመልሰው ዕቃ ክፍል ውስጥ ሻያቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። በሩን ዘጋሁት።

«ጋሽ ኢድሪስ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው። ከመናገሬ በፊት ይቅር ይበሉኝ።»

«ምነው፣ ልታገቢ ነው?»

አልሳቅኩም። ሻያቸውን አስቀመጡ።

«የሄር ላንግ ካምቢዮ ሃያ ስድስት ነው።»

«ማን ቆጠረው?»

«እኔ። በዓይኔ።»

«መቼ?»

«እርስዎ በቆጠሩ ጊዜ።»

ውጭ አንድ ሰው ጎማ ይነፋ ነበር፤ የመንፊያው ድምፅ ሲያቆም ቀና ብለው አዩኝ።

«ይህን ሁሉ ቀን ታውቂ ነበር።»

«አዎ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ከእርስዎ በኋላ እንዴት እቆጥራለሁ? አባቴ ማለት ነዎት።»

«አባቴ» አሉ ቀስ ብለው። «የእኔ አባት ሲያረጅ ዓይኑ ጠፋ። ወደ መስጊድ እጁን ይዤ የምወስደው እኔ ነበርኩ። መንገድ ላይ ጉድጓድ ሲያጋጥመን አባቴን አላሳፍርም ብዬ ዝም ብል ኖሮ፣ አክባሪ ልጅ ይሉኝ ነበር?»

እንባዬ መጣ።

«አታልቅሺ፣ ጓለይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲከፋቸው ወደ ቋንቋቸው ይመለሳሉ። «እኔም ጥፋት አለብኝ። ቀዩና ቡናማው አንድ ከሆነብኝ ቆይቷል። ለማንም አልተናገርኩም። ግን አልፈራሁም። ለምን አልፈራሁም? ወርቄ አጠገቤ ናት፤ ብሳሳት ትናገራለች ብዬ።»

በሥራ ዘመኔ ብዙ ቃል ተናግረውኛል፤ ከዚህ የከበደ ግን አልሰማሁም።

ተነሡና ቱታቸውን አስተካከሉ። «ለሄር ፎግል ልንገረው» አሉ።

«እኔ ልንገረው።»

«የቆጠርኩት እኔ ነኝ።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ነይ» አሉ። አብረን ሄድን።

ሄር ፎግል ሲሰማ ፊቱ ቀላ። «ሁለት ሰው! አራት ዓይን!» ብሎ ጮኸ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ጋሽ ኢድሪስ ግን ቀጥ ብለው ቆመው፣ «ብታሰናብተኝ ደግ ነው። ሰውየው ግን እግሬ ነው ብሎ መኪናውን እንዳይሸጥ» አሉት።

ሄር ፎግል ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩን አነሣ። «ሄር ላንግ፣ እግርዎ አይደለም። ካምቢዮው ነው። የተሳሳተ አስገብተንብዎት ነው። በዚህ ካምቢዮ ያን ዳገት እኔም አልወጣውም።» ከዚያ አዳመጠ። ስልኩን በእጁ ከድኖ ወደ እኛ ዞረና በዝግታ፣ «ለሚስቴ ራስዎ ይንገሩልኝ ይላሉ» አለን።

ጠበቀ። ከዚያ ያ ትልቅ ድምፁ በጣም ትንሽ ሆኖ፣ «ፍራው ላንግ፣ ባለቤትዎ መንዳት አልረሱም» አለ።

ከስልኩ ውስጥ የአንዲት አሮጊት ሳቅ ሰማን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። የዛገውን ካምቢዮ ያለቁትን ቀለበቶች ለውጠን አስገባንላቸው፤ ሚስታቸው መጦሪያ ቤት ልትገባ አራት ቀን ሲቀራት ወደ መንደሯ ወጡ። አንድ ከረጢት ፖምም አመጡልን። የጋብቻቸው ቀን ግን አልፎ ነበር፤ እሱን አልመለስኩላቸውም። የጋሽ ኢድሪስ ዓይን ሞራ ኖሮበት በዚያው የበረዶ ወራት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ቴርሚን፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የያዝኩላቸውም፣ ወደ ቤት የመለስኳቸውም እኔ ነኝ። ጡረታቸው እስኪደርስ ሠሩ። ሄር ፎግልም ጠረጴዛችን ላይ በሁለት ሰው ድምፅ ያልተቆጠረ ጥርስ አይጻፍም ብሎ ደነገገ።

እኔ የማስታውሰው ግን ከሁሉ ይልቅ የዚያን ዓርብ ማግስት ነው።

ቅዳሜ ነበር፤ ጋራዡ ዝግ ነው። ሄር ፎግል ቁልፉን ሰጥቶን ነበር። በመጀመሪያው ባቡር ሄጄ መብራቱን አበራሁ። የዛገውን ካምቢዮ ጠረጴዛው ላይ አወጣሁት፤ ገና ወደ ሻጩ አልተመለሰም ነበር። ማርሹን በቤንዚን አጠብኩት፤ ቡናማ ጠባሳ እንዳይቀር አድርጌ ፈተግሁት። ጋሽ ኢድሪስ ገቡ፤ ሸሚዛቸው እንደ ሁልጊዜው ንጹሕ ነው። ቀዩን እኔ ቀባሁ፤ ጥርሱን ከላይ እስከ ታች።

«ቢስሚላህ» አሉ። ጠበቁኝ።

«አሜን።»

ጣታቸውን አሳርፈው ቆጠሩ። ሳይቸኩሉ። ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት። አቆሙ። እኔ ደብተሩን አነሣሁ።

«ደብተሩን አስቀምጪ» አሉኝ። ከዚያ ለስድስት ዓመት ቆሜበት ከማላውቀው ስፍራ፣ ከጠረጴዛው መሀል፣ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ፈቀቅ አሉ።

ስፍራቸው ላይ ቆምኩ። ጣቴን ቀዩ ላይ አሳርፌ፣ ጮክ ብዬ ጀመርኩ፤

«አንድ።»